የላይኛው በር ደፍ

ሴሬማያ ከዋና ከተማው ከሱቫ ወደ መንደሩ የተመለሰው ሊያርፍ ነበር። ዕቃውን ከጀልባ ሲያወርዱለት ማንም ምንም ሳይጠይቀው "ከእንግዲህ ሲሚንቶ አልነካም" እያለ ነበር። ዕቃ ማለት ፍራሽ፣ ድስቶች፣ የሚስቱ የሊቲያና ባለጎማ ወንበርና አንድ ጆንያ መሣሪያ ነው። ሲሚንቶ የማይነካ ሰው የመሣሪያ ጆንያ ተሸክሞ ምን ያደርጋል ብሎ የጠየቀው የአክስቱ ልጅ አሳኤሊ ብቻ ነበር።

"ይኼ ምንድነው? ትራስህ ነው?"

"ዝም ብለህ አውርድ።"

"የሚያርፍ ሰው በውሃ ልክ ነው እንዴ የሚተኛው? አልጋህ ዘንበል እንዳይልብህ ነው?"

በእኛ አገር የአክስት ልጅ አፍ አይዘጋም። ቢሰድብህ አትቀየመውም፤ ቀብርህ ላይ ቢቀልድብህ ሚስትህ ትስቃለች እንጂ አትቆጣም። ሴሬማያ ጉልበቱን በሁለት እጁ ይዞ አሸዋው ላይ ቆመና ሳቀ። ከሳቀ ቆይቶ ነበር።

ድካሙ የአንድ ቀን ወይም የአንድ ዓመት ድካም አልነበረም። ሴሬማያ የተወለደው ከአናጺዎቹ ወገን ነው። በመንደራችን እያንዳንዱ ወገን ከጥንት የተሰጠው ሥራ አለው። ዓሣ የሚያጠምድ አለ፣ ለባላባቱ የሚናገር አለ፣ የሚዋጋ አለ (ዛሬ የሚዋጉት ጠላት የለም፣ ኩራቱ ግን አልቀረም)። የሴሬማያ ወገን ለባላባቱ ቤትና ጀልባ ይሠራል። በእሱ ዘመን ቤቱ ሁሉ ሲሚንቶ ስለሆነ ገና ጢሙን ሳይላጭ ሱቫ ገባና ወለል መሥራት ለመደ፤ በዚያው ሸመገለ።

በኋላ ላይ የሚጠሩት ለትልልቅ በሮች ነበር። የመጋዘን በር፣ የአውቶቡስ ጋራዥ በር፣ መርከብ የሚጠገንበት ቤት በር። ሰው ሲሠራ ስለ ጣሪያው ነው የሚጨነቀው። ትልቅ ቤት ውስጥ ግን ውሃ ጣሪያ ቀድዶ መግባት አያስፈልገውም፤ እንደ እንግዳ በበር ይገባል። ነፋሱ የዘነበውን ሁሉ ሰፊው በር ላይ ይለጥፈዋል፣ ውሃው በቆርቆሮው ላይ ይወርዳል፣ ወለሉ ከውጭ እስከ ውስጥ እኩል ከሆነ ከሥር ሾልኮ ያልፋል። ከበሩ ሥር የሚለጠፈው ጎማ ዓመት ሳይሞላው ይቀደዳል። ስለዚህ ሴሬማያ በሩ የሚያርፍበትን ደፍ ከውስጠኛው ወለል ሁለት ጣት ዝቅ ያደርገዋል፤ ዝቅ ያለውንም ወደ ውጭ ያዘነብለዋል፤ ደጁን ደግሞ ውሃው ከቤቱ እንዲሸሽ አድርጎ ይለስነዋል። ነገሩ ይኸው ነው። ሁለት ጣት ለመውጣት የሚደክም ውሃ የለም ብለው የሚከራከሩት አለቆች ነበሩ፤ ሴሬማያ አይከራከርም፣ ተንበርክኮ ይሠራል።

ሲንበረከክ ጉልበቱ አለቀ። ሊቲያና ደግሞ የሆቴል አንሶላ ስታጥብ ኖራ አንድ ቀን ግራ ጎኗ አልታዘዝ አላት። ተኝታ ሳለች ሳንባዋን ታመመች፣ ከሞት አፍ ተመለሰች። ሐኪሟ ሴሬማያን ወደ ጎን ጠርታ ብርድና እርጥበት ዳግመኛ ካገኛት እንደማትተርፍ ነገረችው። ሴሬማያ ይህን ለሊቲያና አልነገራትም፤ ሊቲያናም እንደምታውቅ አልነገረችውም።

መንደሩ ውስጥ ያለፈው የአውሎ ነፋስ ማዕበል አሮጌውን አዳራሽ ወስዶት አዲስ እየተሠራ ነበር። ግድግዳው ቆሟል፣ ጣሪያው ተመቷል፣ የቀረው ወለሉ ነበር። ማዕበል ሲመጣ መንደሩ በሙሉ የሚሸሸው እዚያ ነው፤ የእኛ ቤቶች ነፋስ አይችሉም። አዳራሹ እንደ ማንኛውም ቤታችን ላይና ታች አለው። በላይኛው ጫፍ ባላባታችን ራቱ ሴቫናያ ይቀመጣሉ (ራቱ ማዕረጋቸው ነው)፣ ከእሳቸው ወደ ታች ሽማግሌዎች፣ ከዚያ ጎልማሶች፣ በታችኛው ጫፍ ሴቶች፣ ሕፃናትና በሽተኞች። ራቱ የሚገቡበት የላይኛው በር ወደ ባሕሩ ይመለከታል። ወደ ላይ የሚጠቀለል የቆርቆሮ በር ነው፣ የጭነት መኪና ያስገባል። ለምን ያን ያህል ሰፋ ቢባል የጎረቤት መንደር በር ሰፊ ስለሆነ ነው፤ ሌላ ምክንያት ፈልጌ አላገኘሁም።

ማኖአ የመጣው በማለዳ ነበር። ማኖአ የራቱ አፍ ነው፤ ለራቱ የሚነገረው ሁሉ በእሱ በኩል ይወጣል፣ ራቱ የሚሉትም በእሱ በኩል ይወርዳል። በጋዜጣ የተጠቀለለ፣ ተወቅጦ በውሃ የሚጠጣውን የካቫ ሥር ይዞ በሩ ላይ ተቀመጠና በረጅሙ ተናገረ፤ ስለ አናጺዎቹ ወገን፣ ስለ ሴሬማያ አባት፣ ስለ አያቱ። ሥሩን ከተቀበሉ እምቢ የለም፤ ይህን ሁላችንም እናውቃለን። ሊቲያና ከወንበሯ ላይ ሆና ባሏን ታየው ነበር። ሴሬማያ ሊያስብ ፈለገ፣ እጁ ግን ቀድሞት ተዘረጋ።

ማኖአ ሲሄድ "አረፍክ እንግዲህ" አለችው።

ሽማግሌዎቹ ባልተሠራው ወለል ላይ ሰሌን ዘርግተው ተቀመጡ፤ ራቱ በላይኛው ጫፍ፣ ሴሬማያ ከመሃል ዝቅ ብሎ በወገኑ ቦታ። ያሰበውን ተናገረ። ወለሉ በሙሉ እኩል ይሁን፣ በላይኛው በር ሥር ያለው አንድ ክንድ ያህል ብቻ ሁለት ጣት ዝቅ ብሎ ወደ ባሕሩ ያዘንብል። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ጉሮሮውን ጠረገና፣ የቤቱ ራስ ከእግሩ ዝቅ ይበል ማለትህ ነው ወይ አለው። ሌላው እንግዶች ሲመጡ ምን ይላሉ አለ። እየተቀባበሉ ሄደው ሄደው፣ ወለሉ እንዲያውም ወደ ላይኛው ጫፍ ከፍ እያለ እንዲሄድ፣ አራት ጣት ያህል፣ ማን ላይ ማን ታች እንደሆነ ዓይን ያለው ሁሉ እንዲያየው ተስማሙ።

ሴሬማያ ያን ጊዜ ድምፁን ከፍ አደረገ። ወለሉ ከላይ ወደ ታች ካዘነበለ፣ በሩ ሥር የገባ ውሃ ሁሉ ቀጥ ብሎ ወርዶ ሴቶቹና በሽተኞቹ ላይ ይተኛል አለ። ማዕበል የሚመጣው ከባሕሩ ወገን ነው አለ። እንደዚህ ዓይነት ወለል ሠርቼ አላውቅም፣ መሥራትም አልፈልግም አለ። ይህን ሁሉ ለማኖአ ነበር የሚናገረው፤ ራቱ ሸምግለዋል፣ ጆሯቸውም ደክሟል፣ ደግሞም ለራቱ ቀጥታ አይነገርም።

ራቱ "ሴሬማያ ምን አለ?" ብለው ጠየቁ።

ማኖአ መዳፉን አጎድጉዶ አጨበጨበና ጎንበስ አለ። "ጌታዬ፣ ሴሬማያ የሽማግሌዎቹን አሳብ በአክብሮት ሰምቷል። ውሃም እንዳይረሳ ይለምናል።"

"መልካም አስቧል" አሉ ራቱ። "ውሃ አይረሳ።"

ማኖአ ውሸታም አይደለም። ሥራው ስለታም ቃል ተቀብሎ፣ ስለቱን አጥፎ ማድረስ ነው፤ አባቱም እንደዚሁ ነበር፤ መንደሩ ሳይጣላ የኖረው በዚህ ነው። እሱ ባይኖር ስንቶቻችን ተፈነካክተን ነበር። ሴሬማያ ግን እንደገና አፉን መክፈት ይችል ነበር። ሊከፍትም አሰበ። ጉልበቱ ይጠዘጥዘዋል፣ ሽማግሌዎቹ ፈገግ እያሉ ነው፣ የካቫው ቅል እየዞረ ፊቱ ደርሷል። አንዴ አጨበጨበ፣ ተቀበለ፣ በአንድ ትንፋሽ ጠጣው። ቅሉ ባዶ ሲሆን ነገሩ አለቀ።

ወለሉን ከአሳኤሊና ከመንደሩ ጎልማሶች ጋር ሠሩት። አሸዋና ጠጠር ከወንዙ በጀልባ መጣ፣ ሲሚንቶው በአካፋ ተቦካ፣ ሴሬማያ በረጅም ጣውላ እያስተካከለ ከላይ ወደ ታች ወረደ። መጥፎ ሥራ መሥራት አያውቅበትም ነበርና ጥፋቱንም አሳምሮ ሠራው። ሊሾው እንደ መስታወት ወጣ።

"እኔ አዳራሽ የምንሠራ መስሎኝ ነበር" አለ አሳኤሊ፣ ወደ ታች እየተመለከተ። "ወንዝ ነው እንዴ?"

"ዝም በል።"

"ልጠይቅህ ብዬ ነው። ወንዝ ከሆነ መረቤን ላምጣ።"

ሴሬማያ አልሳቀም። አሳኤሊም ይህን አይቶ አካፋውን አነሳ።

ለማዕበል ገና ነው ሲባል አንድ ተራ ዝናብ፣ ከባሕሩ የመጣ የከሰዓት ዝናብ፣ ጉዱን አወጣው። ሴቶቹ በታችኛው ጫፍ ሰሌን እየሠሩ ነበር፤ ሊቲያናም በደህናው እጇ ቅጠሉን እየመረጠች ትሰጣቸዋለች። ውሃው በላይኛው በር ሥር ገባ፣ በሊሾው ላይ ያለ ድምፅ ተንሸራቶ ወረደ፣ ሴቶቹ ያወቁት ሰሌናቸው ሲርስ ነው። እየሳቁ ተነሱ፣ ሊቲያናን ከነወንበሯ አነሷት። ሴሬማያ ሮጦ ሲደርስ የወንበሯ ጎማ ከሥሩ ረጥቧል። መሬት ተኝታ ቢሆንስ ብሎ አሰበ። በማዕበል ጊዜ ወንበር የለም፤ ሁሉም መሬት ላይ ነው የሚተኛው፣ አንዳንዴም ከአንድ ቀን በላይ።

በማግስቱ ማኖአ ዘንድ ሄደ። ማኖአ ጎደሬ እየላጠ አዳመጠውና፣ ነገሩ እውነት ነው፣ ግን አሁን ቢነሳ ሽማግሌዎቹ ያፍራሉ፣ የዝናቡ ወራት ይለፍና በሚቀጥለው ስብሰባ ቀስ አድርጌ አነሳዋለሁ አለው። ሴሬማያ ወራቱ እስኪያልፍ ሚስቴ አትቆይም ሊል ፈልጎ ሳይለው ወጣ። ያን ሳምንት ራዲዮው ከሰሜን በኩል ባሕሩ ላይ ማዕበል እየተሰበሰበ መሆኑን ተናገረ፤ ገና ሩቅ ነው፣ ወዴት እንደሚያቀና አልታወቀም አለ።

ሴሬማያ በማግስቱ ጠዋት የመሣሪያውን ጆንያ ፈታ። መዶሻና መሮ ይዞ በታችኛው በር ገባ፣ ጫማውን አወለቀ፣ ከወገቡ ጎንበስ እንዳለ አዳራሹን በሙሉ አቋርጦ ራቱ የሚቀመጡበት ቦታ ደረሰ፤ ተንበርክኮ መታው።

ድምፁ መንደሩን ዞረ። መጀመሪያ የደረሰው አሳኤሊ ነው። ምን እየሆነ እንዳለ አየ፣ ወጣ፣ ሌላ መዶሻ ይዞ ተመለሰና አጠገቡ ተንበረከከ።

"አንተ ምን አገባህ?" አለው ሴሬማያ።

"ብቻህን ተሰድበህ እኔ ምን ልቀልድ?"

ሽማግሌዎቹ መጥተው ከወለሉ አጋማሽ ላይ ቆሙ፤ ከዚያ በላይ መውጣት አልፈለጉም። ማኖአ ወደ ሴሬማያ ጆሮ ጠጋ ብሎ "የራቱን ራስ ነው እየመታህ ያለኸው፣ ወንድሜ፤ ተው" አለው። ድምፁ የቁጣ አልነበረም፣ ልመና ነበር። ሴሬማያ መሮውን ቀና አድርጎ መታ። ያን ጊዜ የላይኛው በር ከውጭ ተንኳኳ፤ ጠቅልለው ሲከፍቱት ራቱ ሴቫናያ በትራቸውን ተደግፈው ቆመዋል። ሁሉም ባለበት ተቀመጠ። ራቱ ፍርስራሹን ተራምደው ገቡና ሴሬማያን አዩት።

"ማኖአ፣ ምን እየሠራ ነው?"

ማኖአ መዳፉን አጎደጎደ። ሴሬማያ ቀደመው። እስከዚያ ቀን ለራቱ ቀጥታ ተናግሮ አያውቅም።

"ጌታዬ፣ ወለሉን አበላሽቼዋለሁ። ውሃው በእርስዎ በር ገብቶ ታች ይተኛል። ታች የምትተኛው ሚስቴ ናት። ዳግመኛ እርጥበት ካገኛት ትሞትብኛለች።"

"ለምን ቀድሞ አልነገርከኝም?"

"ተናግሬ ነበር፣ ጌታዬ።"

ማኖአ አንገቱን ደፍቶ የራሱን ጉልበት ማየት ጀመረ። ራቱ ፊታቸውን ወደ እሱ መለሱ፤ ቢሰድቡት ይሻለው ነበር። ሽማግሌዎቹም የሚያዩት አጥተው ጣሪያውን አዩ። ከዚያ ራቱ ወደ ሴሬማያ ዞሩ።

"ሚስትህን ወደ ላይ አምጣት። ማዕበሉ ሲመጣ እኔ አጠገብ ትተኛ። እዚህ ውሃ አይቆምም አይደል?"

"አይቆምም፣ ጌታዬ።"

"እንግዲያው ይብቃህ፣ ወለሉን ተወው።"

ሴሬማያ መሮውን አስቀመጠ። ደስ አለው፣ መዋሸት አያስፈልግም። የፈለገው ሊቲያና እንድትደርቅ ነበር፣ ተሰጠው። ጉልበቱን እያሻሸ ወደ ቤቱ ሲሄድ አሳኤሊ እንኳ አልቀለደበትም።

ሊቲያና እስኪጨርስ ሰማችው። ከታመመች ወዲህ ቃል ይጎተትባታል፤ የምትለውን ግን አታጣም።

"እኔ ላይ ደርቄ ልተኛ፣ የጎረቤታችን የመሬሴኒ ልጆች ታች ይራሱ?"

"የሁሉንም እኔ ልሸከም ነው?"

"ላይ ሆኜ ከማን ጋር ላወራ? ከራቱ ጋር?"

"ሊቲያና።"

"ስማቸውን ለማታውቃቸው ሰዎች ስንት በር ሠራህ። ለእኛ ሲሆን ደከመህ?"

"ደክሞኛል" አለ ሴሬማያ። ፍራሹ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። "እውነቴን ነው፣ ደክሞኛል። ስነሳ ይደክመኛል፣ ስቀመጥ ይደክመኛል። አንቺ ትረፊልኝ እንጂ ሌላው የራሱን ይቻል።"

ሊቲያና በደህናው እጇ እጁን ፈለገች፤ ከሲሚንቶው ብዛት መዳፉ እንደ ግንድ ቅርፊት ሻክሯል።

"አውቃለሁ" አለችው። "እኔም ደክሞኛል። እኔ እዚያ አልተኛም። ሂድና ጨርሰው።"

ራቱ ከአዳራሹ አልሄዱም ነበር። ሴሬማያ ተመልሶ ሊቲያና እምቢ ማለቷን፣ ለምን እምቢ እንዳለችም ነገራቸው። ራቱ ወደ ታችኛው ጫፍ ተመለከቱ፤ ሴቶቹ በሩ ላይ ተሰብስበው ይመለከታሉ።

"ብትቆርጠው እኔ የት ልቀመጥ?"

"እዚያው፣ ጌታዬ። ሰው ሲበዛ ወደ በሩ ከተጠጉ ግን ከአጠገብዎ ካለው ሰው ሁለት ጣት ዝቅ ይላሉ።"

ራቱ ሁለት ጣታቸውን አጋጥመው ወደ ዓይናቸው አቀረቡ፣ ዕድሜ ልካቸውን ያላዩት ይመስል። "ማኖአ" አሉ። "ለሽማግሌዎቹ ንገራቸው። ይቆረጥ። እንደነገርኩህ አድርገህ ንገራቸው።"

ቆረጡት። በሩ ሥር ያለውን አንድ ክንድ ያህል ከዳር እስከ ዳር ፈልፍለው አወጡ፣ አዲስ ኮንክሪት አፈሰሱ፤ ሴሬማያ በሆዱ ተኝቶ ወደ ባሕሩ አዘነበለው፣ ጉልበቱ መንበርከክ እምቢ ብሎት ነበር። ደጁንም ውሃ እንዲሸሽ አድርገው ለሰኑት። ሊሾው በወጉ እስኪጠነክር እርጥብ ጆንያ አለበሱት። ጆንያው በተነሳ በጥቂት ቀናት ውስጥ ራዲዮው ማዕበሉ ወደ እኛ ማቅናቱን ተናገረ።

ሰማዩ ከጠዋቱ ጠቆረ። ሊቲያናን ሴቶቹ በሰሌን ተሸክመው ታችኛው ጫፍ አስተኟት። መንደሩ ገባ፤ ከወንዙ ማዶ ያሉትም ጣሪያቸው ሲነሳ እየሮጡ መጡ፣ አዳራሹ ሞላ። ራቱ ሰው ሲጣበብ ባዩ ቁጥር "ወደ ላይ ኑ፣ ወደ ላይ ኑ" እያሉ ትንሽ ወደ ኋላ ይሸሹ ነበር። ሕፃናት የሽማግሌዎች ቦታ ላይ ተቀመጡ፣ ሽማግሌዎች የራቱ ቦታ ላይ። ራቱ ሸሽተው ሸሽተው ጀርባቸው በእንጨት የተደገፈው በር ላይ አረፈ፤ የተቆረጠው ደፍ ላይ ተቀምጠዋል።

ከዚያ ነፋሱ መጣ። በሩ ሲንቀጠቀጥ ሰዉ መዝሙር ጀመረ፤ አሳኤሊ ሲዘፍን ማዕበሉ ያፍራል ተባለና ትንሽ ተሳቀ። ውሃው በበሩ ሥር ገባ፤ ደፉ ላይ ሞላ፣ ሁለት ጣት የምታህለው እርከን ላይ ደረሰ፣ ተመለሰና በመጣበት ወጣ። ደግሞ ገባ፣ ደግሞ ወጣ። ሲገባም ሲወጣም በራቱ ሽርጥ ሥር ነበር የሚያልፈው። ማኖአ ከፍ ወዳለው እንዲመጡ ለመናቸው። ቦታ እንደሌለ በእጃቸው አሳዩት። ሴሬማያ ከሊቲያና አጠገብ ቁጭ ብሎ በየጊዜው እጁን ከጀርባዋ ሥር ይሰድዳል፤ ሰሌኑ ደረቅ ነው። እሷ አንድ ሕፃን ደረቷ ላይ አስተኝታ እንቅልፍ ወስዷታል።

ነፋሱ ረገብ ሲል፣ ገና ሰው መንቀሳቀስ ሳይጀምር፣ ሴሬማያ በተኙት መካከል እየተራመደ ወደ ላይ ወጣ። ራቱ ከንፈራቸው ሰማያዊ ሆኗል፣ ሽርጣቸው ከወገባቸው በታች ውሃ ነው።

"ታች ማን ረጠበ?" አሉት።

"ማንም አልረጠበም፣ ጌታዬ። ከእርስዎ በቀር።"

ራቱ በእሺታ ራሳቸውን ነቀነቁና እጃቸውን ዘረጉለት። ሴሬማያ ሊያነሳቸው ጎንበስ ሲል ጉልበቱ ከዳውና አጠገባቸው፣ እርጥቡ ላይ፣ ቁጭ አለ። ሁለቱም ለመነሳት አልቸኮሉም።